የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እጅ የሚያደነዝዝ የሞተር ሳይክል መሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የግብርና ባለሙያ ስሆን፣ መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝን ባለ 150 ሲሲና ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል እየነዳሁ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልትና ከእሱ በሚገነጠሉት የጠጠር መንገዶች ላይ በቀን ሦስት አራት ሰዓት አሳልፋለሁ። ሞተር ሳይክሉ አራት ዓመት አገልግሏል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ፍጥነቴ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መሪው እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ይነዝራል፤ በመስታወቱ የማየው ሁሉ ይደበዝዛል፤ ስወርድም ጣቶቼ ደንዝዘው የቢሮዬን ቁልፍ ለማዞር እንኳ እቸገራለሁ። አንድ መካኒክ ወፍራም የስፖንጅ እጀታ እንዳስገባ መክሮኝ አስገብቼ ነበር፤ ያመጣው ለውጥ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ምን ባደርግ ይሻለኛል?
ተ. መ.፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ ለእኛ ከሁሉ የጠቀመን «ከጥቂት ወራት ወዲህ» የሚለው ሐረግ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣም ይነዝራል። ሆኖም ሦስት ዓመት ከመንፈቅ እጅዎን ሳያስቸግር የኖረ መሪ አሁን ማስቸገር ከጀመረ፣ አንድ የላላ፣ ያለቀ ወይም የደረቀ ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ እጀታና ጓንት ከመግዛት በፊት የተለወጠውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ይቀድማል፤ የስፖንጁ እጀታ ብዙም ያልረዳዎት በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

ንዝረቱ ከየት እንደሚነሣ ማወቅ ፍለጋውን ያሳጥራል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 100 ጊዜ ይወጣል፣ 100 ጊዜ ይወርዳል፤ በሴኮንድ 200 ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ አቅጣጫውን ይቀይራል ማለት ነው። ፒስተኑና አብሮት የሚመላለሰው የቢየላ (ፒስተኑን ከሚዞረው የክራንክ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት) ክፍል በአንድነት 200 ግራም ቢመዝኑ፣ የምልልሱም ርዝመት 57 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በዚህ ፍጥነት እያስቆሙ ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል ከ2,200 ኒውተን ይበልጣል፤ ከ220 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ሸክም እንደ መሸከም ነው። ፋብሪካዎች በክራንክ ዘንጉ ላይ በፒስተኑ አንጻር ክብደት በማስቀመጥ ይህን ኃይል ያለዝቡታል። ነገር ግን ክብደቱ በክብ የሚዞር፣ ፒስተኑ ደግሞ ላይና ታች የሚመላለስ ስለሆነ፣ የላይ ታቹን ንዝረት ፈጽሞ ለማጥፋት የሚጨመረው ክብደት ያንኑ ያህል ንዝረት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይፈጥራል። በዚህ የተነሣ አብዛኞቹ ግማሽ ያህሉን አጥፍተው ግማሽ ያህሉን ይተዉታል። ከክራንክ ዘንጉ ጋር እኩል እየፈጠነ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር ማመጣጠኛ ዘንግ ያላቸው ሞተሮች ግን ከቀረውም አብዛኛውን ያጠፋሉ፤ የእርስዎ ሞተር ይህ ዘንግ ይኑረው አይኑረው የመመሪያ መጽሐፉ ይነግርዎታል። ካለውና ሞተሩ በእነዚህ ወራት ውስጥ ተከፍቶ ከነበረ፣ ሲገጠም የማመጣጠኛው ዘንግ ጥርስ በምልክቱ ላይ ሳይገጥም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥርስ እንኳ ቢያልፍ ማመጣጠኛው ተግባሩን በትክክል አይሠራም፤ ስለዚህ «ሞተሩ ተከፍቶ ያውቃል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለመካኒክዎ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ያቅርቡለት።

ቀጥሎ ጥፋቱ ከሞተሩ ይሁን ከጎማው ይለዩ። መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ንዝረቱ በሚሰማዎት ፍጥነት እየሄዱ ሳለ ፍሪሲዮኑን ይዘው ነዳጅ መስጫውን ይልቀቁ። ንዝረቱ ወዲያው ከጠፋ መነሻው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ዝም ብሎም መሪው መንቀጥቀጡን ከቀጠለ ጎማው፣ ቸርኬው፣ የጎማው ኩሽኔታ ወይም የመሪው አንገት ኩሽኔታ ሊመረመር ይገባል። ሁለቱ ለእጅ የሚሰጡት ስሜትም የተለያየ ነው። የ18 ኢንች ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሴኮንድ የሚዞረው 9 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጎማ የሚመጣው እጅን እንደሚወዘውዝ እንጂ እንደሚነዝር ሆኖ አይሰማም። እርስዎ የንብ ቀፎ ማለትዎና የመስታወቱ መደብዘዝ ወደ ሞተሩ ያመለክታሉ፤ የመንገድ ላይ ፍተሻውን ግን አይዝለሉት።

ከሞተሩ መሆኑ ከተረጋገጠ በመጀመሪያ የሚታዩት ሞተሩን ከቻሲው ጋር የያዙት ብሎኖች ናቸው። የጠጠር መንገድ ብሎን ያላላል፤ አንዱ ሲላላም ሞተሩና ቻሲው እንደ አንድ አካል መሆናቸው ይቀርና እየተጋጩ ንዝረቱን ያጎሉታል። መካኒኩ የላላውን ብቻ መርጦ ቢያጠብቅ ግን ሞተሩ ተጣሞ ሊያዝ ይችላል። የሚሻለው የሞተሩን ማያያዣ ብሎኖች ሁሉ በጥቂቱ አላልቶ ሞተሩ በቦታው እንዲደላደል ካደረጉ በኋላ፣ በመመሪያው በተጻፈው የማጥበቂያ ኃይል መጠን፣ ያንን መጠን በሚያሳይ ቁልፍ ሁሉንም በየተራ ማጥበቅ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ማርሚታውን ከሲሊንደሩ ራስና ከቻሲው ጋር የሚይዙትን ዳዶዎችም ማየት ተገቢ ነው። ይህ ግማሽ ቀን እንኳ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ እኛ በምናውቀው ብዙ ጊዜ እጁን የደነዘዘው ሰው መድኃኒቱን የሚያገኘው እዚሁ ላይ ነው።

ከብሎኖቹ ቀጥሎ የመሪው ማያያዣ ጎማዎች ይታያሉ። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ መሪውን የጨበጡት ብረቶች ከሥራቸው ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች አሏቸው። ከፀሐይ፣ ከዘይትና ከጊዜ ብዛት ጎማው ደርቆ እንደ ድንጋይ ሲሆን ንዝረትን ማቆሙን ይተውና ያሳልፈዋል። በጥፍርዎ ሲጫኑት እሺ የማይል ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ ይቀየር፤ ዋጋው ትንሽ ነው። የካቴናው ነገር በአጭሩ ይታለፋል፤ አንዱ ቦታ ላልቶ ሌላው ቦታ የሚጠብቅ ካቴና ንዝረት ያመጣልና የኋላውን ጎማ እያዞሩ የካቴናውን ልልነት በሦስት አራት ቦታ ይለኩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚቀረው ንዝረት የሞተሩ ተፈጥሮ ነው፤ ለእሱም ከሁሉ የምንመርጠው በመሪው ሁለት ጫፎች ላይ የሚታሰር ክብደት ነው። የመሪው ቱቦ እንደ ክራር አውታር የራሱ የንዝረት ልክ አለው፤ የሞተሩ ዙር ከዚያ ልክ ጋር ሲገናኝ ትንሹ ንዝረት ይጎላል። ከ65 ኪሎ ሜትር በታች ሰላም ሆኖ ከዚያ በላይ ሲሆን የሚብሰው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በየጫፉ ከ150 እስከ 300 ግራም የሚደርስ የብረት ወይም የናስ ክብደት ሲጨመር የመሪው ልክ ወደ ታች ይወርድና ችግሩ ዘወትር ከሚነዱበት ፍጥነት ይርቃል። አልጠፋም፣ ቦታ ቀይሯል፤ ምናልባት ከእንግዲህ በ45 ኪሎ ሜትር ላይ ጥቂት ይሰማዎት ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ፍጥነት የሞተሩ ኃይል ራሱ ደካማ ነው፣ ምክንያቱም የንዝረቱ ኃይል በዙሩ ካሬ ስለሚያድግ ዙሩ በሩብ ሲቀንስ ኃይሉ 44 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ክብደቱን ሲያሳስሩ በቀኝ በኩል ከነዳጅ መስጫው እጀታ ጋር እንዳይነካካ የ1 ወይም የ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ እጀታው ሲለቀቅ በራሱ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ሞተር ሳይክሉን አይንዱት።

አንዳንዶች ደግሞ መካኒኮች ፒኞን የሚሉትን የፊቱን ጥርስ እንዲቀይሩ ይመክራሉ። ባለ 14 ጥርሱ በባለ 15 ሲተካ በዚያው ፍጥነት የሞተሩ ዙር 7 በመቶ ገደማ፣ የንዝረቱም ኃይል 13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በሜዳ አገር ጥሩ ምክር ነው፤ ዳገት ላይ ግን የሞተር ሳይክሉን የመጎተት አቅም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፍኖተ ሰላም ግን 1,900 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩም በዚያው መጠን ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ ማዳበሪያና የዘር ናሙና ጭነው ዳገት ሲወጡ ያለ ጊዜው ማርሽ ለመቀነስ ይገደዳሉ። ለእርስዎ አንመክረውም። ደግሞም ሞተር ሳይክሉ የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ለውጥ ያለ ፈቃድ ማድረግ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ የመሪውን ቱቦ በአሸዋ ብሞላው ንዝረቱ እንደሚጠፋ ይነግሩኛል። እውነት ነው?
ሞተረኛ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ሐሳቡ መሠረት አለው፤ አሸዋው ክብደት ይጨምራል፣ ፍሬዎቹም እርስ በርስ ሲፋተጉ ከንዝረቱ ጥቂቱን ይበላሉ። ሆኖም አሸዋ ቀላል ነው፤ ትናንሽ የእርሳስ ጥይቶች በዚያው ቱቦ ውስጥ ከአሸዋው አራት እጥፍ ያህል ይመዝናሉ። በሐይቅ ዳር ከተማ ደግሞ እርጥበት ያለበት አሸዋ ቱቦውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የዛገ መሪ ደግሞ ሳይታሰብ ይሰበራል። በዚህ ላይ በብዙ ሞተር ሳይክሎች የፍሬቻና የመብራት ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ሽቦ በቱቦው ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ አሸዋው ከዚያ እየፈሰሰ ወደ ነዳጅ መስጫው ገመድ ቢገባ እጀታው አልዞር ይላል። መሞከር ከፈለጉ አሸዋውን በምጣድ ቆልተው ፈጽሞ ያድርቁት፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይድፈኑ። እኛ ብንሆን ግን ገንዘቡን በጫፍ ክብደት ላይ እናውለው ነበር፤ ምክንያቱም ክብደት የሚጠቅመው ከማያያዣው በራቀ መጠን ስለሆነ ቱቦው መሐል ላይ የተቀመጠው አሸዋ ከሞላ ጎደል ትርፍ ጭነት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በሞተር ሳይክል ዕቃ እያደረሰ ይተዳደራል። በዚህ በእኛ ብርድ ጠዋት ጠዋት ከሥራ ሲመለስ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ነጭ ሆኖ፣ ሲሞቅ ደግሞ ቀልቶ ያቃጥለዋል። «የብርድ ነው» ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ፈራሁ።
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናታችን፣ መፍራትዎ ተገቢ ነው። ጣቶች በብርድ ነጭ ሆነው ሲሞቁ ቀልተው ማቃጠላቸው ብርድ ብቻውንም ሊያመጣው ይችላል፤ ነገር ግን እጁን በንዝረት ላይ ለሚያሳልፍ ሰው የታወቀ የሥራ ሕመም ምልክት ነው። ረጅም ጊዜ የሚነዝር ነገር የጨበጠ እጅ የጣቶቹ ትናንሽ የደም ሥሮችና ነርቮች ይጎዳሉ፤ የደም ሥሮቹም ብርድ ሲነካቸው ከልክ በላይ ይኮማተራሉ። በጃፓን ሞተር ሳይክል እየነዱ ደብዳቤ በሚያድሉ ፖስተኞች ላይ ይኸው ሕመም ታይቶ በሐኪሞች ተጠንቷል። ስለዚህ ልጅዎ ወደ ሐኪም ሄዶ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚነዳና ስንት ዓመት እንደነዳ ሳይደብቅ ይናገር።

የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የአንድ ሠራተኛ እጅ የሚቀበለው ንዝረት በ8 ሰዓት ሥራ ተሰልቶ 2.5 ሜትር በሴኮንድ ካሬ (የንዝረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሲያልፍ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ ይገደዳል፤ 5 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ደግሞ የማይታለፍ ወሰን ነው። ከስሌቱ ውስጥ ለልጅዎ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። የሥራ ሰዓቱን በግማሽ ቢቀንስ ጫናው የሚቀንሰው 30 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የመሪውን ንዝረት በግማሽ ቢቀንስ ግን ጫናው እኩሌታ ይሆናል። ገቢውን ሳይነካ እጁን የሚያድነው ከላይ ለፍኖተ ሰላሙ ጠያቂያችን የተጻፈው ሥራ ነው ማለት ነው።

ወፍራም ጓንት ይግዛ፣ ነገር ግን ስለ ሙቀቱ ብሎ ይግዛው። ለንዝረት ተብለው የሚሸጡ ጓንቶች እንኳ በትንሽ ሞተር መሪ ላይ ለሚሰማው ዓይነት ንዝረት እምብዛም አይረዱም፤ ሞቆ የዋለ እጅ ግን ደሙ ስለሚዘዋወር ነጭ የመሆኑ ነገር ይቀንሳል። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ኒኮቲኑ የደም ሥሮቹን ያጠባቸዋልና ያቁም። መሪውን አንቆ መጨበጥም ንዝረቱን ወደ ክንድ ያሻግራል፤ መዳፉ ላይ ተደግፎ ከመንዳት ይልቅ ክብደቱን በመቀመጫውና በእግሩ ላይ አድርጎ እጁን ቢያላላ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ዕቃ ለማስረከብ ሲቆም ጣቶቹን ቢያፍታታ ይጠቅመዋል። ከነጭነቱ በተጨማሪ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ የሚደነዝዙ ከሆነ በመዳፉ ተረከዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና መሐል ጣቱ ከደነዘዙ ደግሞ በእጅ አንጓው መሐል የሚያልፈው ነው። የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙና ሌሊት ከእንቅልፉ ያነቁት እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ቢያሳይ ምርመራው ይቀላል።