«የላክሁለት ራሴ ነኝ»፦ ያለ ፈቃድ ስለሚሰራጩ የግል ምስሎች ጥያቄና መልስ

በጥብቅና ሥራዬ ይህ ጉዳይ ሳይገጥመኝ የሚያልፍ ወር የለም። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ስም ሳልጠቅስ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የቀድሞ እጮኛዬ «ካልተመለስሽ ፎቶሽን ቴሌግራም ላይ እለቅቀዋለሁ» እያለ ይጽፍልኛል። እስካሁን ግን አልለቀቀም። ፖሊስ ጋ ምን ብዬ ልሂድ?

መልስ፦ እስኪለቅቀው አትጠብቂ እህቴ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አንቀጽ 13 ማስፈራራቱ ራሱ ወንጀል ነው። እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከበድ ካለ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። መልእክቶቹን ግን አታጥፊ። አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጥታ ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ በንዴት ሁሉንም ሰርዛዋለች። የተረፋት አንድ ስክሪንሾት ነው፤ ከእሱም ላይ የላኪውን ስም ቆርጣ ጥላዋለች። «ስሙን ማየት ስለሚያስጠላኝ» አለች። እኔ የምፈልገው ያንኑ የተቆረጠውን ነበር።

ጥያቄ፦ ፎቶውን የላክሁለት ራሴ ነኝ። ዳኛው «ማን ላኪ አለሽ?» አይለኝም?

መልስ፦ ለአንድ ሰው ላክሽ እንጂ ለአገር አልላክሽም። ሆኖም እውነቱን ልናገር፤ ያለ ፈቃድ የተሰራጨ የግል ምስልን በስሙ ጠርቶ የሚቀጣ አንቀጽ አዋጁ ውስጥ የለም። የምንጠቀመው የዚያው አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 3ን ነው፤ የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ምስል ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ አለዚያም ሁለቱንም ያስከትላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ አነጋገር ነው። ጥያቄው «ፈቅዳለች ወይ?» መሆን ሲገባው «ስሟ ጎድፏል ወይ?» ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የተከሳሽ ጠበቃ የልጅቱን አመል መዘርዘር ይጀምራል። በእንግሊዝና በዌልስ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ማጋራቱ ብቻውን ወንጀል ነው፤ ለምን እንዳጋራ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ከተለቀቀ አምስት ወር ሆኖታል። ረፈደ?

መልስ፦ ሊረፍድ ይችላል። ንዑስ አንቀጽ 3 የሚያስከስሰው በግል አቤቱታ ነው፤ ማለትም ተበዳዩ ራሱ ሲያመለክት ብቻ። በወንጀል ሕጉ ደግሞ አቤቱታው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ ሲላክ፣ ይቅርታ ሲለመን፣ ቤተሰብ «ነገሩ ይብረድ» ሲል ስንቱ ጊዜ አልፎበታል! ማስፈራሪያ ከነበረ ግን እሱ የግል አቤቱታ አይጠብቅም፤ በዚያ በኩል ይሞከራል።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። የ16 ዓመት ልጄን ምስል አሰራጩባት። ለአጎቷ ላሳየው?

መልስ፦ ለማንም አይላኩት እናቴ። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ወሲባዊ ምስል የሚታየው በአንቀጽ 12 ነው፤ ቅጣቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን መያዝም ጭምር ያስጠይቃል። ስልኩን እንዳለ ይዘው ዛሬውኑ ፖሊስ ጋ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። በተሰራጨብኝ ምስል ላይ ፊቱ የኔ ነው፤ ገላው ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ።

መልስ፦ ሜይ 19 ቀን 2025 የተፈረመው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለውንም ይጨምራል፤ የአዋቂ ሰው ምስል ሲሆን እስከ 2 ዓመት እስራት አለው። ማኅበራዊ ሚዲያዎችም ባለቤቱ በጽሑፍ ሲጠይቅ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያወርዱ ያስገድዳል፤ ለዝግጅት 1 ዓመት ተሰጥቷቸው ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ የደረሰኝን ለጓደኞቼ ግሩፕ አስተላለፍሁ እንጂ አላነሣሁም። ይመለከተኛል?

መልስ፦ ሕጉ የሚጠይቀው ያሰራጨውን ነው። አሁኑኑ ከግሩፑ አውርደው። ለአንተ ማን እንደላከልህ ግን አትርሳ፤ ትጠየቃለህ።