የመጀመሪያ የብየዳ ማሽን ልትገዙ ነው? ጠይቁኝ

ሙያውን የለመድኩት ደሴ ሸዋ በር ብረታ ብረት ቤት ነው። በርና መስኮት፣ የታንከር ማስቀመጫ፣ የጣሪያ ብረት፣ የአይሱዙ ካሶኒ ሳይቀር በይጃለሁ። ሰሞኑን የራሳቸውን ማሽን ለመግዛት ያሰቡ ልጆች ብዙ ስለጠየቁኝ እዚህ እመልሳለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ለራሴ ማሽን የሚሆን ብር ቋጥሬያለሁ። ትራንስፎርመር ወይስ ኢንቨርተር?

አብሽር፣ ሸጋ አስበሃል። ግን ሱቅ ከመሄድህ በፊት መስመርህን እይ። ቆጣሪህ ባለ 220 ቮልት ነጠላ ፌዝ፣ ማለትም የተለመደው የቤት መስመር ከሆነ፣ ትራንስፎርመር (በሽቦ ጥቅልል የሚሠራው ከባዱ ማሽን) ብሬከር ይጥላል፤ የጎረቤትን አምፖል ያደበዝዛል፤ ጠብም ያመጣል። ኢንቨርተር (በኤሌክትሮኒክስ ካርድ የሚሠራው ቀላሉ ማሽን) ለዚያው ሥራ ከመስመር የሚስበው ያነሰ ነው። በትከሻህ አንግበኸው ደንበኛህ ቤት ትሄዳለህ፤ አዲስ በያጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ ሰው ቤት ሄዶ የሚሠራውን ነው። ትራንስፎርመር ጥቅልሉ ቢቃጠል እዚሁ ይጠቀለላል፤ የኢንቨርተር ካርድ ግን ሲቃጠል ጠጋኙ ብዙ አይደለም። ያም ሆኖ ለመጀመሪያ ኢንቨርተር ግዛ እላለሁ።

ከወልድያ፦ «ባለ 250» አምፔር የሚል ማሽን አየሁ፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። ልመነው?

ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተወው። ከጀርባው ወይም ከጎኑ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብብ፤ አምፔሩ ከፐርሰንት ጋር ተጽፏል። 160 አምፔር በ60 ፐርሰንት ካለ፣ ከ10 ደቂቃ 6ቱን ትበይዳለህ፣ 4ቱን ታሳርፈዋለህ። ሰሌዳ የሌለውን አትግዛ።

ስንት ይበቃሃል? ባለ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ (የመበየጃው ዘንግ) ከ60 እስከ 90፣ ባለ 3.2 ከ90 እስከ 130 አምፔር አካባቢ ይፈልጋል። ለላሜራ በርና ለቱቦላሬ መስኮት እውነተኛ 160 ከበቂ በላይ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የእነዚህ ማሽኖች ደረጃ የሚወጣው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም። ሰሌዳው ከሚለው ቀነስ አድርገህ አሠራው።

ከሐይቅ፦ መብራት ሲጠፋ ባለ 5 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር ያሠራኛል?

በ2.5 አዎ፣ በ3.2 ይከብደዋል። የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 ፐርሰንት ገደማ ጉልበት ያጣል። እናንተ ጋ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ 5ቱን 4 ብለህ ቁጠር። ስትጨርስ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፋ፣ ከዚያ ጄኔሬተሩን።

ከባቲ፦ ቴክኒክና ሙያ ተምሬ ጋራዥ እሠራለሁ። ጋልቫናይዝድ ቱቦ የበየድኩ ቀን ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ያተኩሰኛል። ወተት ጠጪ ይሉኛል።

እህቴ፣ ይሄ ቱቦው የተለበጠበት የዚንኩ ጭስ ነው። ከሰዓታት በኋላ ይጀምራል፤ አፍሽም ብረት ብረት ይልሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ወተት ጠጪ፣ ምግብ ነው፤ ጭሱን ግን አይመልስም፣ ምክንያቱም ጭሱ የገባው በሳንባሽ ነው። ከመበየድሽ በፊት የሚገጣጠመውን ቦታ ዚንኩን በግራይንደር ግፈፊ፤ ደጅ ወጥተሽ ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ አድርገሽ ሥሪ። ደረትሽን ካፈነሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። አለቃሽ ቦታ ባይሰጥሽም ደጅ ልሥራ በዪው፤ መብትሽ ነው።

ከከሚሴ፦ አንድ ደንበኛ የነዳጅ በርሜል ቁረጥልኝ ይለኛል። ባዶ ነው።

አትንካው። የሚገድለው ባዶው ነው። ቤንዚኑ ቢወጣም ትነቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከአየር ጋር ሲደባለቅ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። በውሃ ለቅለቅ ማድረግ አያጠራውም። ደንበኛው ቢቆጣ ይቆጣ።

ከደሴ፦ ከማሽኑ ሌላ ብሬን በምን ላውጣ?

ማስክ፣ የመስታወቱ የጥቁረት ቁጥር 10 ወይም 11። በጸሐይ መነጽር የሚበይዱ ልጆችን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። ቀጥሎ የቆዳ ጓንት፤ ከዚያ ወፍራም የመዳብ ገመድና ጠንካራ የመሬት መቆንጠጫ። ቀጭን ማራዘሚያ ይግላል፣ ቮልቱም ይወርዳል፤ አንተ ግን ማሽኑ ደከመ ትላለህ።

ከመርሳ፦ ያገለገለ ባገኝስ?

የራስህን ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ ይዘህ ሂድ፤ እዚያው ሦስት አራቱን አከታትለህ አቃጥል። መሐል ላይ ከቆመ፣ የተቃጠለ ከሸተተህ ወይም ሶኬቱ ከጋለ ተወው። የጎኑን ክዳን አስከፍት፦ ካርዱ ላይ የብረት ዱቄት ከተከመረ ግራይንደር አጠገብ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ያ ዱቄት ሾርት ያደርገዋል። አንተም ገዝተህ ስታስቀምጠው ከግራይንደሩ አርቀው፣ በየጊዜውም ነቅለህ በኮምፕረሰር አስነፋው።