ማዕበል ሲያገኘው የሚጠፋ ሞተር፦ እኔ የምጠረጥረው ታንኩን ነው

ጠያቂያችን ከባለቤቱ ጋር ባለ ሸራ ጀልባ ላይ እየኖረ ነው የሚዞረው። የናፍጣ ሞተሩ መልሕቅ ላይ ቆሞ ሲሠራ ምንም አይለው። ማዕበል ውስጥ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄድና ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ሲሞክረው ይነሳል። አንድ ጠጋኝ የናፍጣ ፖምፓውን ቀይሮለት ነበር፣ ለውጥ የለም።

ወንድሜ፣ ፖምፓህ ጤነኛ ነበር ባይ ነኝ። «ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳው ይነሳል» ያልካት ነገር ሁሉን ነገረችኝ። ድንገት ቀጥ ቢል ኖሮ ኤሌክትሪኩን ወይም ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ገመድ እጠረጥር ነበር። እየተንገዳገደ የሚጠፋ ሞተር ግን ናፍጣ አጥሮት ነው። ማዕበሉ የታንኩን አተላ ይበጠብጠዋል፣ አተላው የመምጠጫው ቱቦ አፍ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆምና አተላው ይረግፋል።

ብዙ ሰው ናፍጣ የሸጠለትን ይረግማል። አንዳንዴ እውነት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አተላው እዚያው ታንክህ ውስጥ ነው የሚያድገው። አዎ፣ ያድጋል። በመሙያው ክዳን በኩል ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። ጎዶሎ ታንክ ውስጥ ያለው አየርም ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሠራል። አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ውሃው ከስር ይተኛል። ባክቴሪያና ሻጋታ ቤታቸውን የሚሠሩት ሁለቱ በሚገናኙበት ስስ ድንበር ላይ ነው፤ ከታች ውሃ ይጠጣሉ፣ ከላይ ናፍጣ ይበላሉ። ብርሃን አያስፈልጋቸውም። ይራባሉ፣ ይሞታሉ፣ ሬሳቸው ጥቁር ልፋጭ ሆኖ ይከመራል። የሚያወጡት አሲድ ደግሞ የአሉሚኒየም ታንክን ከስር ይቦረቡረዋል። ስለ እነሱ ካወራሁ ማቆም አልችልም፣ ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ግን ይህን ስማኝ። ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ደጋግመህ የምታሽከረክር ከሆነ የባሕር ውሃ ማስገቢያውን ቫልቭ ዝጋ! ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የባሕር ውሃ ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ገፍቶ የሚያስወጣው ጭሱ ነው። ሞተሩ ካልተነሳ ጭስ የለም፣ ውሃው ግን መግባቱን አያቆምም። ማርሚታው ሞልቶ ወደ ሲሊንደሩ ከተመለሰ ሞተርህን ተሰናበተው።

አሁን ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ሞተሩ አጠገብ ጥሩ አድርገህ እሰር። የመምጠጫውን ቱቦ ጀሪካኑ ውስጥ ክተት። ትርፉን የሚመልሰውንም ቱቦ እንዲሁ፣ አለዚያ ጀሪካኑ ቀስ በቀስ ወደ ታንኩ ይገለበጥልሃል። ሸራህን አዘጋጅተህ፣ ሰፊ ቦታ ላይ፣ ማዕበል ውስጥ ሂድበት። ካልጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ወደብ እስክትደርስም ይህችው ጀሪካን ታደርስሃለች።

ቀጥሎ ከውሃ መለያው ፊልትሮ ወደ ታንኩ የሚሄደውን ቱቦ ፍታና በጎማ ጀልባህ መንፊያ ቀስ ብለህ ንፋበት፣ የታንኩን መሙያ ክዳን ከፍተህ። ታንኩ ውስጥ ሲንቦቀቦቅ ካልሰማህ ተደፍኗል። የመምጠጫውን ቱቦ ንቀለውና ጫፉን እይ። ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ወንፊት አለው። አውጥተህ ጣለው፤ ማጣራት የፊልትሮው ሥራ ነው፣ እዚያ ቢደፈን በእጅህ ትደርስበታለህ።

አሁን ስለዚያ ጠጋኝህ። በላክኸው ፎቶ ላይ የናፍጣ መገጣጠሚያዎቹን በነጭ ቴፍሎን ጠቅልሏቸዋል። ቁርጥራጩ ተነቅሎ ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተር ይደፍናል፣ ምን ነክቶት ነው? ሁሉንም ጠራርገህ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ አድርግ። ያቺን ቱቦ የምታስር የሚያብረቀርቅ ርካሽ ፋሸታም ንቀላት፣ ጨው አየር ውስጥ ዕድሜ የላትም። ናፍጣ በሚሳብበት በኩል የላላ ነገር ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል እንጂ፤ በዓይን ፈልገህ አታገኘውም።

ፊልትሮዎቹን ቀይር። መለያው ላይ ቀዳዳው 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) የሆነ ይበቃል፣ ታንኩ እስኪጠራ ግን ባለ 30 ይሻልሃል፣ ቶሎ አይደፈንም። ሞተሩ ላይ ባለው ፊልትሮ የማስተንፈሻ ቡሎን በኩል በእጅ ፖምፓው አየሩን አስወጣ፣ ከዚያ አስነሳ። ቫልቩ ተዘግቷል አይደል? እንደተነሳ ወዲያው ክፈተው፣ አለዚያ የውሃ ፖምፓው ጎማ ይቃጠላል። የሞተሩን ቁልፍ ቫልቩ ላይ የማንጠልጠል ልማድ ይኑርህ።

ታንኩን ራሱን ከፍቶ ከመጥረግ ውጭ መፍትሔ የለም። ጀርም ገዳይ መድኃኒቱ ይገድላቸዋል እንጂ ልፋጩን አያጠፋውም። እንዲያውም ሬሳቸው ረግፎ ፊልትሮህን ይደፍነዋል፣ ስለዚህ ከጠረግህ በኋላ ጨምረው። ደግሞ የመሙያውን ክዳን ጎማ ዛሬውኑ ቀይረው።