ፊዚዮሎጂን ማስተማርና መፈተን፦ ጠይቁኝ፣ የቻልኩትን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ለጀማሪ የሕክምና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ (ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ) ማስተማር ከጀመርኩ አስር ዓመት አልፎኛል። ፈተና አውጥቻለሁ፣ አርሜአለሁ፣ ባወጣሁት ፈተናም ተሰድቤአለሁ። ሰሞኑን የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ተለጥፎ ጥያቄው ስለበዛብኝ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ ብዬ ነው። ተማሪም፣ መምህርም፣ ወላጅም ጠይቁ።

ቲቸር፣ የፒሲ ዋን (ጀማሪ የሕክምና) ተማሪ ነኝ። ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ቸክዬ ገባሁ። 41 መጣልኝ። ምን ነካኝ?

አይዞሽ፣ ምንም አልነካሽም። የቸከልሽው የልብ ምት ስንት እንደሆነ ነው። የተጠየቅሽው ለምን እንደጨመረ ነው። አናቶሚን ቸክሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል (የአናቶሚ መምህራን ይቅር በሉኝ)፤ ፊዚዮሎጂ ላይ ግን አንዱን ስትነኪ ሌላው ይንቀሳቀሳል።

እስኪ ባዶ ወረቀት አውጪ። አንድ ሰው በመኪና አደጋ 1 ሊትር ደም ፈሰሰው እንበል። ስላይድ ሳታዪ ከላይ ወደ ታች ጻፊ፦ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም፣ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የቆዳ ደም ስሮች ስፋት፣ አልዶስቴሮን (ኩላሊት ጨው እንዲያስቀር የሚያደርገው ሆርሞን)፣ የሽንት መጠን። ከእያንዳንዱ ጎን ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ቀስት አድርጊ። ከዚያ በየመሀሉ «ስለዚህ» የሚለውን ቃል እያስገባሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። «ስለዚህ» ብለሽ ዝም ያልሽበት ቦታ ነው ያላወቅሽው። እዚያች ላይ ብቻ ወደ መጽሐፉ ተመለሺ።

ደጋግሞ ማንበብ ደግሞ ያታልላል፤ ገጹን ስለለመድነው ያወቅነው ይመስለናል። ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ፈትሸው ነበር። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ወረቀቱን መልሰው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የጻፉት በለጡ። የፈተናው ዕለት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ስላይድ መከለስ ለምን ደስ እንደሚል ገባሽ አይደል?

ወንድሜ፣ ዘንድሮ ማስተማር የጀመርኩ ነኝ። የማወጣው ጥያቄ ሁሉ «ከሚከተሉት ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» ይሆንብኛል።

ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኖ ለጠዋት 50 ጥያቄ ማስረከብ ያለበት ሰው ሌላ ምን ይመጣለታል።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ይኸውልህ። ምርጫዎቹን በእጅህ ሸፍናቸው። ጎበዝ ተማሪ የላይኛውን ዐረፍተ ነገር ብቻ አንብቦ መልሱን መናገር ካልቻለ ጥያቄህ ጥያቄ አይደለም። አራት እውነት ወይም ሐሰት በአንድ ገመድ አስረህ አቅርበሃል።

ምሳሌ ልስጥህ። ስለ ኦ.አር.ኤስ. (ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ ስለሚሰጠው ዱቄት) «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» ብለህ ብትጠይቅ የሸመደደው ያገኘዋል። በዚህ ቀይረው፦ «የ2 ዓመት ሕፃን ተቅማጥ ይዞታል። እናቱ ኦ.አር.ኤስ. ብታጣ ውሃ ውስጥ ጨው ብቻ በጥብጣ አጠጣችው። ውሃው ከአንጀቱ በደንብ ያልገባው ምን ስለጎደለ ነው?» መልሱ ስኳር ነው። ትንሹ አንጀት ውስጥ ሶዲየምና ግሉኮስ በአንድ በር ተያይዘው ነው የሚገቡት፤ ውሃው ይከተላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ላይም በ1 ሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ፣ እኩል በእኩል የተደረገው ለዚህ ነው። የበሩን ስም በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ሞልቷል። ሕፃኑ ፊት ሲቆም በሩን የሚያስታውሰውን ለይልኝ ነው የምልህ።

አምስተኛ ምርጫ ፍለጋ ደግሞ እንቅልፍህን አትጣ። ሮድሪጌዝ የተባለ ተመራማሪ በ2005 እ.ኤ.አ. የ80 ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ ሦስት ጥሩ ምርጫ ይበቃል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል። አራተኛና አምስተኛው ብዙ ጊዜ ማንም የማይነካው ማሟያ ነው።

ሲሳሳቱ ማርክ መቀነስስ?

አልወደውም። ድፍረት ነው የሚለካው። ግማሽ የሚያውቅ ዓይን አፋር ተማሪ ባዶ ይተወዋል፤ ምንም የማያውቅ ደፋር ይሞክራል።

ራስህ ያበላሸኸው ጥያቄ የለም? ሁሌ ተማሪው ነው ጥፋተኛ?

አለ እንጂ! አንድ ዓመት እንዲህ ብዬ ጠየቅኩ፦ «አንድ ገበሬ በሐሩር ሲያርስ ውሎ 3 ሊትር ላበ፤ ውሃም ጠጣ። ሴሎቹ ምን ይሆናሉ?» የኔ መልስ «ይኮማተራሉ» ነበር። ላብ ከደም ይልቅ ጨው ያነሰው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ውስጥ የቀረው ይወፍራል፤ ስለዚህ ውሃ ከሴሎች ወደ ውጭ ይወጣል። «ውሃም ጠጣ» የምትለዋን ታሪኩ እንዲያምር ብዬ ነው የጨመርኳት።

ውጤቱ ሲመጣ የክፍሉን የላይኛ ሩብና የታችኛ ሩብ ለየሁ። ይህን ለእያንዳንዱ ጥያቄ አደርጋለሁ፤ ኤክሴል ላይ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሰነፎቹ አብዛኞቹ አግኝተውታል። ጎበዞቹ በጅምላ ስተዋል። መጀመሪያ የተኮራረጁ መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ከዚያ አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጥታ ቆማ ቀረች። «ቲቸር፣ የጠጣው ስንት ሊትር ነው?» አለችኝ። ጸጥ አልኩ። 3 ሊትር ላበና 3 ሊትር ንጹሕ ውሃ ከጠጣ ውሃውን ተክቷል፣ ጨውን ግን አልተካም። ደሙ ይቀጥናል፤ ሴሎቹ ያብጣሉ እንጂ አይኮማተሩም። ጎበዞቹ የጻፍኩትን አንብበው አስበውበታል። ሰነፎቹ ስላይዱ ላይ ያለችውን አስታውሰው ከበቡ።

ጥያቄውን ሰርዤ ለሁሉም ማርኩን ሰጠሁ። ጎበዝ የሚስተው፣ ሰነፍ የሚያገኘው ጥያቄ ካያችሁ በመጀመሪያ የመልስ ቁልፉን ጠርጥሩ።

ላብራቶሪያችን ውስጥ የሚሠራ ዕቃ የለም። ተግባራዊ ትምህርት እንዴት ይሰጥ?

የተማሪው አካል አለ አይደል። በጣም የምወደውን ልንገርህ። ጠዋት ተማሪዎቹ ሽንት ቤት ደርሰው ይመጡና ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይጠጣል። ሌላው 1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው ተበጥብጦበት ይጠጣል። ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት አይጠጣም፤ መዝጋቢ ይሆናል። ከዚያ ለ2 ሰዓት በየ30 ደቂቃው ሽንታቸውን ይለካሉ። መለኪያ ከሌለህ አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ላይ በማርከር ምልክት አድርግበት።

ዋናው ነገር ግን ከመጠጣታቸው በፊት ነው። ማን ብዙ እንደሚሸና በወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው ያስረክቡኛል። አብዛኛው «እኩል» ይላል። ሊትር ሊትር ነው፣ ምን ልዩነት አለው? ሁለተኛው ዙር ላይ የውሃ ጠጪዎቹ ሰልፍ ኮሪደሩን ይሞላል። ጨው የጠጡት ተቀምጠው ይስቃሉ። ያኔ ክፍሉ ራሱ «ለምን?» ይላል። እኔ ብጠይቅ ኖሮ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። ንጹሕ ውሃ ደሙን ያቀጥናል፤ አንጎል ያንን ለይቶ ኤ.ዲ.ኤች. የተባለውን ሆርሞን ይቀንሳል፤ ኩላሊት ውሃውን ይለቃል። ጨዋማው ግን ከደም ጋር እኩል ስለሆነ መጠን ይጨምራል እንጂ ደሙን አያቀጥነውም። ስለዚህ ሆርሞኑ ያን ያህል አይነካም።

ማርክ የምሰጠው ለትክክለኛ ግምት አይደለም። ግምቱ የት ጋ እንደተሳሳተ ለጻፈ ነው።

መጽሐፉ በደም ወሳጅ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት 100 ነው ይላል። የኛስ አዲስ አበባ?

በጣም ጥሩ ጥያቄ። ያ 100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እዚያ የአየር ግፊቱ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ 570 ገደማ ነው። አስላው። ከ570 ላይ የውሃ ተኑን 47 ቀንስ፣ በ0.21 አባዛ፤ ወደ 110 ይመጣል። ባሕር ጠለል ላይ 150 ነበር። የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ድርሻ ስትቀንስ ሳንባችን ውስጥ የሚቀረው በ60ዎቹ ውስጥ ነው። ታዲያ ለምን ቆመን እንሄዳለን? ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በየግፊቱ ስንት እንደሚሸከም የሚያሳየው መስመር እዚያ አካባቢ ገና ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። ግፊቱ በሲሶ ቢወርድም የተሸከመው ኦክስጅን በጥቂቱ ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ እና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለክተው ነበር። የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራሮች ነዋሪ በዚያ ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል። የኛዎቹ ግን ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው እምብዛም አይለይም። ይህን ክፍል ውስጥ ሳይነግሩ የባሕር ጠለልን ቁጥር ብቻ ማስሸምደድ ያሳዝነኛል።

ቲቸር፣ ከገጠር ነው የመጣሁት። ትምህርቱ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው የገደለኝ።

መጀመሪያ በምታልምበት ቋንቋ ተረዳው፤ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ። ግራዲየንት ማለት ቁልቁለት ነው። ሶዲየም ከሴል ውጭ ወደ 140 ሚሊሞል ነው፣ ውስጥ ወደ 14። በሩ ከተከፈተ ወዴት ይወርዳል? አየህ፣ ገባህ። እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ ስም መለጠፍ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። «ሰውነታችን ውሃ ስለሚያስፈልገው ኩላሊት ውሃ ይቆጥባል» ብለህ አትጻፍ። በየትኛውም ቋንቋ ብትጽፈው ግማሽ ማርክ ነው የምሰጥህ። ኩላሊት የሚያስፈልገንን አያውቅም። ደሙ ወፈረ፣ ስለዚህ የአንጎል ጠቋሚ ሴሎች ተኮማተሩ፣ ስለዚህ ሆርሞኑ ተለቀቀ፣ ስለዚህ የኩላሊት ቱቦዎች ላይ የውሃ በሮች ተደረደሩ። ምክንያቱ ይህ ነው።

የቃል ፈተና ይቅር ወይስ ይቀጥል? እኔ ገና ስሜ ሲጠራ ምላሴ ይታሰራል።

ብቻውን ከሆነ ይቅር። ጠዋት የገባው ፈገግ የሚል መምህር ይደርሰዋል፤ ከምሳ በኋላ የገባው ራሱን ያመመው። ሮናልድ ሃርደን የተባለ የሕክምና መምህር በ1975 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ዳንዲ ውስጥ የጣቢያ ፈተናን ያመጣው ይህን ዕድል ለመቀነስ ነው። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ማረሚያ።

እኔ ጋ ከገባሽ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፦ «የልብ ምትሽን ቁጠሪ»። 110፣ 120 ይሉኛል። «ለምን?» እላለሁ። ከዚያ ማብራራት ሲጀምሩ ፍርሃቱም ይለቃቸዋል።

ልጄ ሌሊቱን ሙሉ እያነበበች ትወድቃለች። ሕክምና ትተው እንዴ ብዬ ተጨንቄአለሁ። እናት ነኝ።

እናቴ፣ ይህን በአንድ ፈተና አይወስኑ። በመጀመሪያ እንድትተኛ ያድርጉልኝ። ከዚያ ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ያስቀምጧትና «ዛሬ የተማርሽውን እኔ እንዲገባኝ አድርገሽ ንገሪኝ» ይበሏት። ካልገባዎት «አልገባኝም፣ ለምን?» ይበሉ። ከኔ የተሻለ ፈታኝ ይሆናሉ።

የመጨረሻ። ሚጥሚጣ ለምን ያቃጥላል? ፈተና ላይ ይመጣል?

ሊመጣ ይችላል። ምላስ ላይ ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲነካው የሚከፈት በር አለ። በሚጥሚጣው ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ያንኑ በር ይከፍተዋል፤ አንጎል እሳት የነካህ ይመስለዋል። ዴቪድ ጁሊየስ ይህን በር ስላገኘ በ2021 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። ካወጣሁት ግን የምጠይቀው ይህን አይደለም። «ውሃ መጠጣት ለምን አይረዳም፣ ወተትስ ለምን ይረዳል?» ነው። መልሱን አልነግርህም።