መልስ፦ ምሳሌ 14፥1 የሚናገረው ለሚስት ብቻ ነው?
እህቴ፣ ባልሽ በተጣላችሁ ቁጥር «ሰነፍ ሴት ቤቷን ታፈርሳለች» የሚለውን እንደሚጠቅስብሽ ጽፈሽ፣ ይሄ ለሚስት ብቻ ነው ወይ ብለሻል። አይደለም። ምሳሌ 24፥3 ቤት በጥበብ ይሠራል ሲል ባልና ሚስት አይለይም።

1ኛ ሳሙኤል 25ን አብራችሁ አንብቡ። እዚያ ቤቱን ሊያፈርስ የነበረው ባልየው፣ ናባል ነው። የዳዊትን ሰዎች ሰድቦ መለሰ፤ ዳዊትም 400 ያህል ሰው አስታጥቆ ተነሳ። የናባል ሚስት አቢግያ 200 እንጀራ፣ የወይን ጠጅና አምስት የተሰናዱ በጎች አስጭና ቀድማ ወጣች፤ ቤተሰቡንም አተረፈች። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ማታው ነው። ስትመለስ ናባል ሰክሯል። ምንም አልነገረችውም፤ ጠዋት ስካሩ ሲለቀው ነገረችው። (ስንቶቻችን እስኪነጋ እንታገሳለን?) እናንተም ከባዱን ወሬ ስትረጋጉ አውሩት።

የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ዝም ብሎ መቻል ጥበብ አይደለም፤ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪ።