ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «በየምሽቱ ስለምንመለስ ከፍታው አያሰጋንም ወይ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 52 ሲሆን የደም ግፊት ታማሚ ነኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራምና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ግፊቴም ብዙውን ጊዜ ከ130/80 አያልፍም። በመጪው ወር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከሰው ርቆ ወደሚገኝ ተራራማ አካባቢ ሄደን ስድስት ቀን ለመቆየት አቅደናል። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር ላይ ነው። በመኪና በአንድ ቀን 3,600 ሜትር ላይ ወዳለው ማረፊያ ደርሰን፣ ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት እየወጣን፣ በእግር ስንጓዝ ውለን ማታ እንመለሳለን። በሁለተኛው ቀን የምንሻገረው የተራራ በር 4,400 ሜትር ይደርሳል። ሹፌሩ አድርሶን ይመለስና በስድስተኛው ቀን መጥቶ ይወስደናል። ሐኪም የሚገኝባት ቅርብ ከተማ 2,400 ሜትር ላይ ስትሆን በመኪና አራት ሰዓት ትርቃለች። ከመካከላችን በዕድሜ ታናሹ በየቀኑ የሚሮጥ ሰው ነው፤ «ከፍታ የሚጥለው ስፖርት የማይሠራን ሰው ነው፤ ደግሞም ማታ ማታ ስለምንመለስ ችግር የለም» ይላል። ለግፊቴ ያሰጋኛል? መድኃኒትስ መያዝ አለብኝ? በትንንሽ ጣሳ የሚሸጠው ኦክስጅንስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ዕቅዳችሁን ዘርዝረው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጽፍልኝ የተራራውን ስም ብቻ ነው። የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በይበልጥ ያሳሰበኝ የ4,400 ሜትሩ በር አይደለም። የመጀመሪያዋ ሌሊትና ባዶውን የሚመለሰው መኪና ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሌሊቱ ልንገርዎ። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትኛውም ከፍታ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው ኦክስጅኑን ወደ ሳንባ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። 3,600 ሜትር ላይ ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 64 በመቶ ያህል፣ 4,400 ሜትር ላይ ደግሞ 58 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ጉድለቱን ለማካካስ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት ይተነፍሳል፤ ኩላሊትም የደሙን ኬሚካላዊ ሚዛን እያስተካከለ ይህ አተነፋፈስ እንዲቀጥል ያግዛል፤ ነገር ግን የኩላሊት ሥራ ቀናት ይፈጃል። እንቅልፍ ሲወስደን አተነፋፈሳችን ስለሚቀዘቅዝ፣ አንዳንዴም ለሰከንዶች ስለሚቋረጥ፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከቀኑ ይልቅ ዝቅ ይላል። የተራራ ሐኪሞች «ቀን የት ደረስህ?» ከማለት ይልቅ «ሌሊቱን የት አደርህ?» ብለው የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው። የከፍታ ሕመም በአብዛኛው ወደ ከፍታው ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ በሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚወርድ ሰው የሚያገኘው ጫና፣ ከ400 ሜትር ተነሥቶ በዚያው ምሽት 3,600 ሜትር ላይ ከሚተኛ ሰው ጋር አይወዳደርም።

ጓደኛዎ «ማታ ማታ እንመለሳለን» ሲሉ ግማሽ እውነት ይናገራሉ፤ ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር በእርግጥ ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ የምትመለሱበት ቦታ ራሱ ከፍታ መሆኑ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምርና በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው እንዲታደር ይመከራል። የእናንተ ዕቅድ በአንድ ቀን 3,200 ሜትር ይዘልላል። በሕክምናው የአደጋ ምደባ መሠረት ሳይለማመድ በአንድ ቀን ከ3,500 ሜትር በላይ ወጥቶ የሚያድር ማንኛውም ሰው፣ ከዚህ በፊት ታሞ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፣ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ይመደባል።

ሯጭ መሆንም ከዚህ አያድንም። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ በከፍታ ምክንያት የሚመጣውን የሳንባ ውኃ መቋጠር ለሕክምናው ዓለም በሰፊው ሲያስተዋውቅ፣ የገለጸው ታማሚ በበረዶ ሸርተቴ ተራራ ሲያቋርጥ የነበረ ጤናማ ወጣት ነበር። እንዲያውም በልምዴ ብርቱው ሰው ነው የሚያሰጋኝ፤ ፈጥኖ ይወጣል፣ ራስ ምታቱንም ለሌሎች መናገር ያሳፍረዋል።

መፍትሔው ግን በራስዎ ደብዳቤ ውስጥ አለ። ያቺ 2,400 ሜትር ላይ ያለችው ከተማ መንገዳችሁ ላይ ናትና ሁለት ሌሊት እደሩባት። በዙሪያዋ በእግር እየተንሸራሸራችሁ ወደ 2,800 ሜትር ብትወጡ የጉዞው ጊዜ ባከነ አይባልም። ከዚያ ወደ ማረፊያው በደረሳችሁበት ቀን ዕቃ ከማራገፍና በአካባቢው ከመዘዋወር በቀር ምንም አታድርጉ። በማግስቱ 3,900 ሜትር ገደማ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ በሩን ለመጨረሻው የእግር ጉዞ ቀን አቆዩት፤ ያውም አራታችሁም ያለ ራስ ምታት ከተነሣችሁ። ስድስት ቀን ብቻ ካላችሁ ከላይ የምታድሩት ሦስት ሌሊት ይሆናል። ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ ሆኖም ስድስቱን ቀን ከላይ አሳልፋችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በማስመለስ ብትጨርሱ ያተረፋችሁት የለም።

ስለ በሩ አንድ ነገር ልጨምር። «የምንሻገረው» ብለዋልና ካርታውን እንደገና እንድትመለከቱት እጠይቃለሁ። ከበሩ ወዲህ የታመመ ሰው ወደ መኝታው ሲመለስ እየወረደ ይሄዳል፤ በሩን ተሻግሮ ማዶ የታመመ ሰው ግን ለመመለስ ሊርቀው ወደሚገባው ከፍታ እንደገና መውጣት ይኖርበታል። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዞ በሩ ላይ ደርሳችሁ መመለስ እንጂ ማዶ መውረድ የለባችሁም።

ሰዓቱንም በወረቀት ላይ አስሉ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት በአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በ600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይሰጣል። መንገዱ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱም 800 ሜትር ቢሆን ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ይህ ግን ለዝቅተኛ ተራራ የተሰላ ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ የሰውነት ከፍተኛ የሥራ አቅም በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ለእናንተ ቢያንስ ግማሽ እጥፍ ጨምሬ፣ ዕረፍቱን ጨምሮ ወደ ሰባት ሰዓት አስይዘዋለሁ። የመመለሻ ሰዓታችሁን ከመነሣታችሁ በፊት ወስኑ፤ እኩለ ቀን ካላችሁ በሩ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀረውም እኩለ ቀን ላይ መዞር ነው። ፍጥነታችሁ እየተጫወታችሁ የምትሄዱበት ይሁን፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ መጨረስ ያቃተው ሰው ካለ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

ከፍታ ላይ የሚጀምር ራስ ምታት፣ በተለይ ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞር ወይም ከተለየ ድካም ጋር ከመጣ፣ ሌላ ምክንያቱ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው። ያ ሰው በዚያ ቀን ወደ ላይ አይወጣም፤ ካረፈ በኋላ እየባሰበት ከሄደ ይወርዳል። የሳንባው ዓይነት በአብዛኛው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት የሚመጣ ሲሆን፣ ደረቅ ሳልና ቁጭ ብሎም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ይታይበታል። ትናንት ከፊት ሲመራ የነበረው ሰው ዛሬ ያለ ምክንያት ከኋላ ሲቀር ካያችሁ፣ ሳሉ እስኪጀምር አትጠብቁ።

ሌላው ከባድ የከፍታ ሕመም፣ የአንጎል እብጠት፣ ደግሞ አታላይ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የተራራ ጉዞ አብሮኝ የነበረ ጠንካራ ሰው ሲያስቀን አምሽቶ፣ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ተቀምጦ ደጋግሞ ሲስት ተመለከትሁ። «ጣቶቼ በርዷቸው ነው» አለኝ። ጓንቴን ሰጠሁት። ሲነሣ ግን እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ጎን አዘመመ። በዚያው ሰዓት ሁለት ሆነን ደግፈን ማውረድ ጀመርን፤ 900 ሜትር ዝቅ ብለን አድረን በማግስቱ ጠዋት ክሩን ያለ ማንም እርዳታ አሰረ። ስለዚህ በየጠዋቱ መሬት ላይ አራት ሜትር ያህል ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠማችሁ አራታችሁም በላዩ ላይ ተራመዱ። ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል። ከመስመሩ የሚወጣ ወይም ሚዛኑን የሚስት ሰው ግን በዚያው ሰዓት፣ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር፣ ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ አለበት።

ወደ መኪናው የምመልስዎ እዚህ ላይ ነው። ለሁለቱም ከባድ ሕመሞች ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው፤ በእናንተ ዕቅድ ግን የመውረጃው መሣሪያ አድርሷችሁ ይሄዳል። ሹፌሩ መኪናውን ይዞ አብሯችሁ ይቆይ፤ ካልሆነም በማንኛውም ሰዓት ተጠርቶ ሊመጣ የሚችል ሌላ መኪና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ስልክ የማይሠራ ከሆነም የሳተላይት መገናኛ ተከራዩ። ሄሊኮፕተር ይመጣል ብላችሁ አትመኑ፤ በጨለማና በጉም አብዛኛውን ጊዜ አይበርም። የጉዞ መድን ከገዛችሁም ውሉን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ውሎች ከተወሰነ ከፍታ በላይ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም።

አሁን ስለ ግፊትዎ። በደንብ የተቆጣጠሩት የደም ግፊት ከዚህ ጉዞ አይከለክልዎትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊትዎ ከቤትዎ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ መለኪያዎን ይዘው ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ መጠነኛ ጭማሪ ስላዩ ብቻ መድኃኒትዎን በራስዎ አይጨምሩ። ከ180/120 በላይ ሆኖ ከደረት ሕመም፣ ከእይታ መደብዘዝ ወይም ከብርቱ ራስ ምታት ጋር ከመጣ ግን ውረዱ፤ ሐኪምም ይፈልጉ። ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን የሚጨመድድ ስሜት ካለዎት ደግሞ ከጉዞው በፊት የልብ ምርመራ ያድርጉ።

ይበልጥ የምጠነቀቀው ለሚያሸናው መድኃኒትዎ፣ ለሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ነው። «ከፍታ ላይ በቀን አምስት ሊትር ውኃ ጠጡ» የሚለውን ምክር ሰምተው ይሆናል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይጠማው ውኃ ሲያበዛ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሊወርድ ይችላል፤ ምልክቱም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ስለሆነ ከከፍታ ሕመም ለመለየት ያስቸግራል። ሲጠማዎ ይጠጡ። መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ ተጋላጭ ያደርጋል፤ ጎጂው ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ስለሚጨምር ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ክሬም አይርሱ። ለራስ ምታት ከአይቡፕሮፌን ይልቅ ፓራሲታሞል ይምረጡ፤ አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲሆንም ኩላሊትን ይጎዳል። የእንቅልፍ መድኃኒትና አልኮል በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይቅሩ።

ለመከላከያ የሚታዘዘው አሴታዞላማይድ ነው፤ የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ተጀምሮ መድረሻው ከፍታ ላይ ሁለት ቀን እስኪሞላ ይወሰዳል። ሁለት ሌሊት ከተማዋ ብታድሩም 1,200 ሜትር ዝላይ ስለሚቀር እኔ ብሆን እወስደዋለሁ። ይሁንና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲደረብ ፖታሲየምንም የሰውነትን ፈሳሽም ስለሚቀንስ ያለ ሐኪምዎ ትእዛዝ አይጀምሩት። ለሰልፋ መድኃኒቶች ብርቱ አለርጂ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው አይወስደውም። ለአንጎሉ እብጠት ዴክሳሜታዞን፣ ለሳንባው ደግሞ ኒፌዲፒን ለአደጋ ጊዜ ይያዛሉ፤ ሐኪም በጽሑፍ ካስረዳችሁ ብቻ፣ ያውም እየወረዳችሁ የምትጠቀሙባቸው ናቸው። ኒፌዲፒን የአምሎዲፒን ዘመድ ስለሆነ የእርስዎን ግፊት ከልክ በላይ ሊያወርድ እንደሚችል ጓደኞችዎም ይወቁት።

የጣሳ ኦክስጅኑን ተዉት። የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚቸገር ሳንባ ምንም አይደርስለትም፤ ይባስ ብሎ መውረድን ያዘገያል። በዚያ ገንዘብ ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ብትገዙ ይሻላል፤ ከመስፈሪያው ቁጥር ይልቅ አራታችሁን በማነጻጸር ተጠቀሙበት፤ ሌሎቹ 88 በመቶ አካባቢ ሆነው አንዱ 75 ካሳየ፣ እጁን አሙቃችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልተለወጠ ያ ሰው አይውጣ።

አንድ ወር አለዎትና በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው ሶዲየም፣ ፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ያድርጉ፤ በጉዞው ቀናት ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው ይህ ውጤት ነው። አሴታዞላማይዱ ከታዘዘልዎትም ከመሄድዎ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ቤትዎ ሆነው ለአንድ ቀን ይሞክሩት። ጣቶችዎንና ከንፈርዎን ሊነዝርዎት፣ ለስላሳ መጠጥም ጣዕሙ ሊበላሽብዎት ይችላል፤ ሽንትም ያበዛል። ይህን አስቀድመው ካወቁት 3,600 ሜትር ላይ ጣትዎ ሲነዝርዎ ደንግጠው ሌሊቱን መኪና አያስጠሩም።