ሚኒሞ ይስተካከላል ወይስ ይቆጣጠሩታል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ አውቶ መካኒክ አስተምራለሁ። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት «ሚኒሞ» እንለዋለን። የዛሬ መኪኖች ሚኒሞውን በኮምፒውተር ይይዙታል። ይህን «ማስተካከል» ልበለው ወይስ «መቆጣጠር»? «ቁጥጥር» ስል ተማሪዎቼ የኬላ ፍተሻ ይመስላቸዋል።

መልስ፦ አብሽሩ መምህር፣ ሁለቱም ቃላት ያስፈልጉዎታል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ባላት አሮጌ መኪና መካኒኩ ብሎኗን በካቻቢቴ ያዞራል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ሲስማማው ይተዋታል። ይሄ ማስተካከል ነው፤ አንዴ ተሠርቶ ያልቃል። ያቺው መኪና የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ስትገባ ግን አየሩ ይሳሳል። ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ሚኒሞውም ይበላሻል። ብሎኗ ምኑንም አታውቅ!

ኮምፒውተሩ ግን ሥራው አያልቅም። ዙሩን ይቆጥራል፤ ከሚፈለገው፣ በደቂቃ 750 ነው እንበል፣ ጋር ያስተያያል፤ ጎድሎ ካገኘው አየር ይጨምራል፣ በዝቶ ካገኘው ይቀንሳል። ኤሲ ሲከፈት ሞተሩ ይከብደዋል፣ ዙሩም ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ይህንንም ቆጥሮ ይደርስበታል።

«ተቆጣጠረ» የወጣው ከ«ቆጠረ» ነው። «ሰበረ» ሲደጋገም «ሰባበረ» እንደሚሆነው ሁሉ፣ እዚህም «ጠ» ተደግሟል። ኬላ ላይ ያለው ሰውዬም ቢሆን በመሠረቱ ደጋግሞ የሚቆጥር ነው። ዙር ሲቆጥር ለሚውል ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ ግስ አላገኘሁም።

ስሙ ብቻውን ሲቆም ግን ተማሪዎችዎ እውነት አላቸው፤ «ቁጥጥር» ወደ ፍተሻ ያደላል። ስለዚህ አድራጊውን ጠርተው በግሱ ይናገሩ፦ «ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን ይቆጣጠራል»። ብሎኗን «ማስተካከያ»፣ አየር የሚመጥነውን ቫልቭ «መቆጣጠሪያ» ይበሏቸው። እንዲህ ያለውን አሠራር የሚያጠናውን ትምህርት «የቁጥጥር ንድፈ ሐሳብ» ማለት ምንም አይደለም፤ «ንድፈ ሐሳብ» የሚለው ኬላውን ያስረሳል።

«ሚኒሞ» ራሱ እንደ «ፍሬን» ከጣሊያን የመጣ ነው። ጋራዡ ተግባብቶበታልና አይንኩት።

አንድ ልጨምር። ቫልቩ ተከፍቶ አየሩ ሲሊንደር እስኪደርስ ትንሽ ጊዜ ያልፋል። ኮምፒውተሩ በዚያች መሐል ከቸኮለ አብዝቶ ይጨምራል፣ ደንግጦ አብዝቶ ይቀንሳል፣ ዙሩም ከፍ ዝቅ ይላል። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በ1868 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የማሽን ፍጥነት መቆጣጠሪያዎችን በሒሳብ ሲመረምር የፈተሸው ይህንኑ ዓይነት ጣጣ ነው። አንዳንድ መጽሐፍ «ያልተረጋጋ የዙር ፍጥነት» ሊለው ይችላል። እርስዎ ግን «ሚኒሞው ይዋዥቃል» ይበሉ።